የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያበጠ መንጋጋ፣ የሚደልብ በሬ፣ መዥገር የወረራት ላም

ጥያቄ፦ 14 በጎች አሉኝ፤ የሚግጡት ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ከዝናቡ በኋላ ሦስቱ ከመንጋጋቸው ሥር አበጡ። አላስቀመጣቸውም፣ ስለዚህ ትል ነው ብዬ አልጠረጠርኩም። ጎረቤት «ውሃ ቋጥሮ ነው፣ በጋለ ብረት ተኩሰው» ይለኛል። ለማንኛውም ብዬ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ክኒን የትል መድኃኒት (አልቤንዳዞል) ሰጠሁ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ እባክዎ አይተኩሷቸው። ያበጠውን በአውራ ጣት ጫን አድርገው ይልቀቁት። የጣትዎ ጉድጓድ ቶሎ ካልሞላ ውስጡ መግል ሳይሆን ውሃ ነው፤ ጎረቤትዎ እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ውሃው የተጠራቀመው ግን በጓ ደምና ፕሮቲን ስላለቀባት ነው። ቀን አንገቷን ደፍታ ስትግጥ ውላ ማታ እብጠቱ ይጨምራል፣ አድራ ጠዋት ጎደል ይላል።

በዝናብ ማግሥት እንዲህ የሚያደርግ ዋናው ተጠርጣሪ ደም መጣጩ የጨጓራ ትል፣ ሄሞንከስ ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያስቀምጥም፤ አርቢዎችን የሚያዘናጋውም ይህ ነው። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይመጣል። 1,000 ትል ያለባት በግ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ታጣለች ማለት ነው፤ የ25 ኪሎ በግ ደም ተጠራቅሞ ደግሞ 2 ሊትር አይሞላም። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ገልበጥ አድርገው በፀሐይ ብርሃን ይዩት። ደማቅ ቀይ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ወረቀት ከነጣ በጓ ለነገ የምትቆይ አይደለችም። ያበጡትን ሦስቱን ብቻ ሳይሆን 14ቱንም ይዩ።

ግማሽ ክኒኑን በተመለከተ፦ ባለ 300 ሚሊ ግራሙ በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ሲሰላ ለ40 ኪሎ በግ ነው፤ ግማሹ ለ20 ኪሎ። 28 ኪሎ የምትመዝን እናት በግ 210 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፣ እርስዎ የሰጧት 150 ነው። ጎደሎ መጠን ደካማውን ትል ገድሎ ጠንካራውን ለዘር ያስቀራል። ስለዚህ ከማሳነስ ሙሉውን መስጠት ይሻላል። አውራ ከተቀላቀላት አንድ ወር ላልሞላት በግ ግን አልቤንዳዞል አይሰጥም፣ ፅንሱን ይጎዳል፤ ለእሷ አይቨርሜክቲን የሚባለው ሌላው የትል መድኃኒት ይሁን። አሰጣጡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ክኒኑን ምላሷ ላይ ጣል ካደረጉት ጉንጯ ውስጥ ይዛ ቆይታ ዞር ሲሉ ትተፋዋለች። በምላሷ ላይ አሳልፈው ወደ ኋላ፣ ጉሮሮዋ አጠገብ ያስገቡ፣ ስትውጥ እስኪያዩ አፏን ይያዙ፣ አንገቷን ወደ ሰማይ አያንጋጡ። የተንጋጠጠች በግ ፈሳሽ መድኃኒት ሲሰጣት ወደ ሳንባዋ ይገባል።

በ14ኛው ቀን ከመሬት ያልተለቀመ ትኩስ በጠጥ በንጹሕ ላስቲክ ይዘው በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ያስመርምሩ። እንቁላል አሁንም በብዛት ከታየ መድኃኒቱ አልሠራም፤ ከሌላ ዓይነት መድኃኒት ይቀይሩ እንጂ ያንኑ አይደጋግሙ። የጉበት ትልም እንዲሁ ከመንጋጋ ሥር ያሳብጣል። በጎቹ ቀንድ አውጣ ያለበት ረግረግ ወይም የመስኖ ቦይ ዳር የሚግጡ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይነካም።

ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ አያሰማሯቸው። የትሉ እጭ (ገና ያላደገው ትል) በእርጥብ ሣር ላይ ወደ ላይ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው። ለበዓል የሚሸጥ በሬ ገዝቼ አስሬ በአገዳና በገራባ (በጫት ትራፊ) እያደለብኩ ነው። ለትል ባለ 2,500 ሚሊ ግራሙ የአልቤንዳዞል ክኒን አንድ ይበቃዋል ወይስ ሁለት? የአይቨርሜክቲን መርፌውስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ክብደቱን ይወቁ፤ በዓይን ግምት ብዙ ሰው ይስታል። በሜትር ገመድ ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። የደረቱን ቁጥር በራሱ አባዝተው በርዝመቱ ያባዙትና ለ10,840 ያካፍሉ። ደረቱ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 135 ከሆነ 319 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ለክብ ትሎች አንድ ክኒን ይበቃዋል። ለጉበት ትል ግን መጠኑ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው፤ ያው ክኒን 250 ኪሎ ብቻ ይሸፍናል፣ ለእርስዎ በሬ ሁለት ተኩል የበግ ክኒን ይጨመርበታል። አልቤንዳዞል የሚገድለውም ያደገውን የጉበት ትል ነው፤ ገና በጉበት ውስጥ እየቆፈረ ላለው ትሪክላቤንዳዞል ያስፈልጋል።

1 በመቶ የሆነው አይቨርሜክቲን ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለእርስዎ በሬ 6.4። የትከሻውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ጡንቻ ውስጥ አይደለም። ክብ ትልን፣ ቅማልንና እከክን ይገድላል፤ የኮሶ ትልንና የጉበት ትልን አይገድልም። የኛ ምክር፦ ገበያ ላይ ይዞት የመጣውን ትል በድለባው መጀመሪያ አንዴ ያጥፉለት። ከግርግም የሚበላ በሬ እንደገና የሚያዘው ትል ጥቂት ነው፤ በየወሩ ለመርፌ የሚያወጡት ገንዘብ መኖ ይግዛበት። ለበዓሉ ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ጭራሽ አይወጋም፣ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቆያል። መለያው ላይ ስንት ቀን እንደሚል ያንብቡ። (ገራባውንም ጫቱ መቼ እንደተረጨ ሳይጠይቁ አይስጡ።)

ጥያቄ፦ የምታለብ ላሜን መዥገር ወረራት። በእጅ እየነቀልኩ ነጭ ጋዝ እቀባለሁ፣ አሁን አንዱ ጡቷ ቆሰለ።

መልስ፦ ያቆሰላት መንቀሉ ሊሆን ይችላል። ባለ ጥለቱ ትልቁ መዥገር አፉ ረጅም ነው፤ ሲጎተት አፉ ቆዳው ውስጥ ተቆርጦ ይቀርና ይመግላል። ጋዙም ቆዳ ያቃጥላል።

60 በመቶ የሆነ፣ ለእንስሳት የተዘጋጀ ዳያዚኖን የተባለ የመዥገር መድኃኒት በ1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይበጥብጡ፤ 15 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 15 ሚሊ ሊትር ነው። በቆርኪ ሳይሆን በሲሪንጅ ይለኩ። ለሰብል የተሸጠውን አይጠቀሙ። ለአንድ ትልቅ ላም 5 ሊትር ያህል ይፈጃል። ጀርባዋን አርሶ መተው ከንቱ ነው፤ መዥገሩ ያለው ጆሮዋ ውስጥ፣ ብብቷ ሥር፣ ጡቷ ዙሪያ፣ ጅራቷ ሥርና ሰኮናዋ መሀል ነው። ካለቧት በኋላ፣ በቀዝቃዛ ሰዓት፣ አስቀድመው ውሃ አጠጥተው ይርጩ፤ የጠማት ላም ሰውነቷን ትልሳለች። ጓንት ያድርጉ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ። በሚቀጥለው እልቢያ ጡቷን በሳሙና ያጥቡ፤ ወተቱ ስንት ቀን እንደማይጠጣም ከመለያው ይመልከቱ። በ14 ቀን ይድገሙት። ለሃጯ ከተዝረበረበና ከተንቀጠቀጠች ተመርዛለች፤ በሳሙናና በውሃ እያጠቡ ሐኪም በፍጥነት ይጥሩ፣ ማርከሻው አትሮፒን ነው። አይቨርሜክቲን ግን ወተቷ ለሚጠጣ ላም አይወጋም። ጠግቦ የወደቀውን መዥገር እሳት ውስጥ ይጣሉት፤ ግቢ ውስጥ ከቀረ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል።

ጥያቄ፦ አንዱ ጠቦቴ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይዞራል፣ ግድግዳ ይገጫል። ክኒን ይረዳዋል?

መልስ፦ ትኩሳት ከሌለውና ቀስ በቀስ ከባሰበት አንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ የኮሶ ትል እጭ ሳይኖር አይቀርም፤ ክኒን ብዙም አይፈይድለትም። ሐኪም አይቶት ይታረድ። ጭንቅላቱን ለውሻ አይስጡ፣ ያቃጥሉት ወይም በጥልቀት ይቅበሩት፤ ትሉ ወደ በጎችዎ የመጣው በውሻ ኩስ ነው። የግቢውን ውሻ ራሱን በፕራዚኳንቴል ያክሙት፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም።