መንዝን ለምትጽፉ ልጆች

ሰሞኑን ስለ ድሮ አውራጃዎች የሚጽፉ ወጣቶች በዝተዋል። ደስ ይላል። ግን የብዙዎቹ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው፦ ሁለት ንጉሥ፣ አንድ ጦርነት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሕዝብ ቁጥር። ዕድሜዬን የፈጀሁት በስታቲስቲክስ ሥራ ላይ ስለሆነ እዚያ ቁጥር ጋ ስደርስ ደሜ ይፈላል። እንግዲህ የሰሜን ሸዋውን መንዝ ይዤ ትንሽ ልምከራችሁ፤ ምክር የሰለቸው ይለፈው።

መጀመሪያ የትኛውን መንዝ እንደምታወሩ ለዩ። የጥንቱ መንዝ ሦስት ምድር ነው፦ ማማ፣ ላሎና ጌራ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ከ1934 ጀምሮ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ሲያዋቅሩ ደግሞ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር መንዝና ግሼ የሚባል አውራጃ ነበረ፤ ዋና ከተማው መሐል ሜዳ። ዛሬ አውራጃው የለም። ጌራ ምድር፣ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ቀያ ገብርኤል፣ ግሼ እየተባለ ወረዳ በወረዳ ሆኗል። ታዲያ አንዱ የድሮውን አውራጃ ቁጥር ያነሳና ከ1999ኙ የጌራ ምድር ወረዳ ቁጥር ጋር ያስተያየዋል። ያ ወረዳ ያኔ 120 ሺህ ገደማ ሰው ነበረው። ከዚያ «ሕዝባችን አለቀ!» ብሎ ይጽፋል። ኧረ በሕግ! የቀነሰው ሰው ሳይሆን ወሰኑ ነው።

ስለ ነገሥታቱ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ይጽፈዋል። ነጋሲ ክርስቶስ ከዚያው ከመንዝ ተነስቶ የሸዋን ሥርወ መንግሥት መሠረተ፤ ዘሩ እስከ ምኒልክና እስከ ኃይለ ሥላሴ ወረደ። በቃ። እኔ ብጽፍ የምጽፈው ስለ ጓሳ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ውርጭ የሚወድቅበት የሣር ምድር ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። በመቶዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ጀምሮ የሁለቱ አቅኚ አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ርስት ሆኖ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር (የቅርቡን የወጣቶች ንቅናቄ ቄሮን እንዳታስቡ)። በምርጫ የሚሾም፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ነበራቸው። ጓሳው ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ተዘግቶ ይቆያል፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይታወጃል፣ ያን ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይገባል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ይሆናል። ሥርዓቱ የቆመው በርስት ላይ ስለነበረ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ወደቀ። መሬት ለአራሹ የብዙ ገበሬ ቀንበር እንደሰበረ አልክድም፤ ጓሳ ላይ ግን ጠባቂ አሳጣ። ነዋሪው ኋላ ላይ በራሱ ኮሚቴ ነው መልሶ ጥበቃ ያቆመለት። አንድ ልጅ ይህን በደንብ ቢጽፈው ከአሥር የዘውድ ዝርዝር ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በንጉሡ ዘመን አገር አቀፍ ቆጠራ አልነበረም። የሚታወቀው ገባሩና ግብሩ ነው። የናሙና ጥናት በ1950ዎቹ ተጀመረ እንጂ ቤት ለቤት የመጀመሪያው ቆጠራ የተደረገው ግንቦት 1 ቀን 1976 ነው። ቀኑን ልብ በሉ። ሰባ ሰባት ከመድረሱ በፊት! ረሃቡ ሰሜን ሸዋንም መታ፣ ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ወደ ምዕራብ በሰፈራ ተጫነ። ስለዚህ የ1976ቱ ወረቀት ላይ ያለው ሰው በዓመቱ እዚያ ላይኖር ይችላል። የቁጥሩን ዓመት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነም ጻፉ።

ዕድሜውማ አይነሳ። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ትላላችሁ። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር።» ቆጣሪው ያሰላል፦ ጣሊያን በ1928 ገባ፣ ጥጃ ጠባቂ ሰባት ዓመት ቢሆናት፣ ልደቷ 1921፤ በ1976 እንግዲህ 55። ጻፈ፣ አለፈ። በየቆጠራው በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ የሚበዛው በዚህ ነው። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ልጅና ከብት መቁጠር አይወድም፣ ዓይን ይፈራል።

የመንዝ ሰው ቁጥርና መንዝ ውስጥ የሚኖረው ሰው ቁጥር የተለያየ መሆኑንም አትርሱ። ገብስና በግ ነው የአገሩ ኑሮ። መሬቱ በእናትም በአባትም ዘር እየተከፋፈለ ሲጠብ ልጅ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከምኒልክ ጦር ጋር ወደ ደቡብ የወረደው ብዙ ነው፣ አዲስ አበባ የገባውም እንደዚሁ። ቆጠራ ብሔር ይጠይቃል እንጂ «መንዜ ነህ ወይ?» አይልም። የወጡት በየሄዱበት ተቆጥረዋል።

ይህን ክፍተት የሚሞሉላችሁ ሽማግሌዎች ናቸው። ስልካችሁን አብሩና የእናትንም የአባትንም ወገን እስከ አቅኚ አባት ድረስ አስቆጥሩ። በተለይ በርስት የተካሰሰ ቤተሰብ ፈልጉ። ዳኛ ፊት ዘር የቆጠረ ሰው፣ ልጁም ቢሆን፣ ሐረጉን በቃሉ ይዞታል። ግን ተጠንቀቁ፤ ለመሬት ሲባል የተቃና ሐረግም አለ። ስለዚህ የተከሳሹንም ወገን ጠይቁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም። አራተኛው ታስቦ ታስቦ እየተላለፈ ቀረ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የምታገኙት የወረዳ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። እናንተም «ትንበያ» ብላችሁ ጻፉት፣ ዓመቱ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩ፣ የየትኛው ወሰን እንደሆነም ከጎኑ አስቀምጡ።