«የአንጀቴን ሽፋን በተፈጥሯዊ መንገድ መጠገን እችላለሁ?»

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለወራት አልቆም ብሎኝ፣ ለአሜባና ለጃርዲያ ደጋግሜ መድኃኒት ከወሰድኩ በኋላ፣ በኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት) ምርመራ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የተባለ የትልቁ አንጀት በሽታ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ሜሳላዚን የሚባለውን ኪኒን እየወሰድኩ ደሙ ከቆመ ስምንት ወር ሆኖታል። አሁን እናቴ «ኪኒኑ አንጀትሽን ይጎዳዋል፤ ተልባና እሬት እየጠጣሽ ተፈጥሮ ይጠግነው» ትለኛለች። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ግሉታሚን የሚባል ዱቄትና የእርድ እንክብል ልካልኛለች። የአንጀቴን ሽፋን በተፈጥሯዊ መንገድ መጠገን እችላለሁ? ዐቢይ ጾምንስ መጾም እችላለሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ዋናውን ነጥብ ልመልስ። የአንጀትዎ ሽፋን እንዲያገግም በምግብዎና በአኗኗርዎ ሊያግዙት ይችላሉ፤ ቢያግዙትም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ተልባውም ሆነ እርዱ ከሜሳላዚኑ ጋር አብረው የሚሄዱ እንጂ እሱን የሚተኩ አይደሉም። ለምን እንደሆነ የሚገባን ሽፋኑ እንዴት እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚድን ስናውቅ ነው።

የአንጀታችን የውስጥ ገጽ የተሸፈነው በአንድ ረድፍ ብቻ በተደረደሩ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ጎን ለጎን ተያይዘው፣ በላያቸውም ዝልግልግ ፈሳሽ ተደርቦባቸው፣ በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ከሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት ለይተው ያቆያሉ። ሽፋኑ ያለማቋረጥ ይታደሳል፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አሮጌዎቹ ሕዋሳት እየረገፉ ከሥር በሚፈጠሩ አዳዲሶች ይተካሉ። ስለዚህ አንጀትዎ ራሱን የመጠገን ችሎታው አብሮት የተፈጠረ ነው፤ ከውጭ የሚገዛ አይደለም። ችግሩ በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ራሱ በሽፋኑ ላይ ስለሚዘምት ጥገናው ጉዳቱን ሊደርስበት አለመቻሉ ነው። ብግነቱ፣ ማለትም የሽፋኑ መቆጣት፣ ሳይበርድ ሽፋኑን ብቻ ለመጠገን መድከም፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ እንደ መለሰን ይሆናል። ሜሳላዚን በአንጀቱ ገጽ ላይ በቀጥታ እየሠራ ብግነቱን ያበርዳል፤ ብግነቱ ሲበርድ ሽፋኑ የራሱን ሥራ ይሠራል።

እናትዎ ኪኒኑን መፍራታቸው ይገባኛል፤ ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት ማንንም ያሳስባል። ሆኖም ሜሳላዚን አንጀትን አያቆስልም። አልፎ አልፎ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የኩላሊት ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥቂት ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ራሱ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታይ በመሆኑ እርስዎን የሚመለከት አይመስልም። በሌላ በኩል ማቋረጡ ምን እንደሚያስከትል በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት በሜሳላዚን በሽታቸው የተረጋጋላቸውን 99 ሰዎች ለሁለት ዓመት ያህል ተከታትሎ ነበር፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ያልወሰዱት ሰዎች በሽታው የሚያገረሽባቸው በአግባቡ ከወሰዱት በአምስት እጥፍ በሚበልጥ መጠን መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የታመመው ሳይሆን ልክ እንደ እርስዎ ደህና የሆነው ሰው ነው። የኪኒኑ ብዛት አታክቶዎት ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የቀኑን መጠን በሙሉ በአንድ ጊዜ መውሰድ ከፋፍሎ ከመውሰድ እንደማያንስ ተረጋግጧል።

ደሙ መቆሙ መልካም ምልክት ነው፤ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ለመዳኑ ግን ማስረጃ አይሆንም። ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች በኮሎኖስኮፒ ሲታዩ አንጀታቸው አሁንም ቀልቶ፣ ሲነኩትም እየደማ የምናገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ «አንጀቴ ተጠግኗል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በስሜት ሳይሆን በምርመራ ነው። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ የሚሠራበት ላቦራቶሪ ካገኙ ቢያሠሩት መልካም ነው፤ ምልክት በሌለው ሰው ውጤቱ በአንድ ግራም ሰገራ ከ150 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ብግነት የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። አዲስ የሚጀምሩትን ማንኛውንም ምግብ ወይም እንክብል ከመጀመርዎ በፊትና ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን ምርመራ ቢያነጻጽሩ፣ ጠቅሞዎት እንደሆነ በግምት ሳይሆን በቁጥር ያውቃሉ።

አሁን ወደ ምግብ ልምጣ፤ በዚህ ረገድ ከእናትዎ ጋር በከፊል እስማማለሁ። የትልቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት ዋና ማገዶ ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህን የሚሠሩት አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች እኛ ልንፈጨው ያልቻልነውን የምግብ አሰር በማብላላት ነው። አሰር የሌለው ምግብ የሚበላ ሰው ባክቴሪያዎቹን ያስርባል፤ በባክቴሪያዎቹ በኩል ደግሞ የራሱን ሽፋን ያስርባል። የእኛ ገበታ ለዚህ የተመቸ ነው። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ከነገለባው ይፈጫል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ አተር፣ ጎመን፣ አጃና ገብስም አሰር የሞላባቸው ናቸው። በተልባ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ሲዘፈዘፍ እንደ ተልባ የሚለጠልጥ ሲሊየም የተባለ ፍሬ በስፔን በ105 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። በሽታቸው የተረጋጋላቸው ሰዎች ለአንድ ዓመት ሲከታተሉ ሲሊየም የወሰዱትና ሜሳላዚን የወሰዱት ላይ በሽታው ያገረሸው በተቀራረበ መጠን ነበር። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ኪኒኑ ለምን አስፈለገ?» ሊል ይችላል። ሆኖም በጥናቱ የተሰጠው የሜሳላዚን መጠን አነስተኛ ነበር፤ ታማሚዎቹም የትኛውን እንደሚወስዱ ያውቁ ነበር፤ ከሁሉም የተሻለ ውጤት የታየውም ሁለቱን አብረው በወሰዱት ላይ ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ተልባውን ከኪኒኑ ጋር እንዲጠቀሙ ነው። የተቆላና የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በብዙ ውኃ በጥብጠው ይጀምሩ፤ ሆድዎ ከተስማማው ቀስ በቀስ ይጨምሩ። መድኃኒትዎን ከተልባው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አራርቀው ይውሰዱ።

ይህ ምክር ክሮንስ የሚባለው ሌላው የአንጀት ብግነት በሽታ ኖሮባቸው አንጀታቸው ለጠበበ ታማሚዎች አይሆንም፤ በጠበበ አንጀት ላይ ብዙ አሰር መብላት መዘጋትን ሊያስከትል ይችላልና። እርስዎም በሽታው በሚያገረሽበት ሰሞን ቆሎውን፣ ለውዙን፣ ጥሬ ሰላጣውንና ቃሪያውን ትተው እንደ ገንፎ፣ የአጃ ሾርባ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝና በደንብ የበሰለ የምስር ክክ ያሉትን ለስለስ ያሉ ምግቦች ይምረጡ፤ ሲረጋጋም ወደ ቀድሞው ይመለሱ። ብዙ ታማሚዎች አንድ ጊዜ የተዉትን ምግብ ፈርተው ሳይመልሱት ይቀሩና ከአንጀታቸው ይልቅ ጡንቻቸው ይመነምናል። በርበሬን በተመለከተ፣ በሽታውን አላመጣውም፤ ሕመሙ ሲነሣ ማጣደፉና ማቃጠሉ ግን እውነት ስለሆነ ያኔ አልጫው ይሻላል። ወተት ከጠጡ በኋላ ሆድዎ የሚነፋና የሚያስቀምጥዎ ከሆነም በሽታው አገረሸ ብለው አይደንግጡ፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ አዋቂ የወተትን ስኳር በሚገባ አይፈጭም።

የእርዱ እንክብል ከተላኩልዎት ሁለት ነገሮች የተሻለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በእስራኤል ሐኪሞች በተመራ ጥናት ሜሳላዚን ብቻውን ያልበቃቸው፣ ሕመማቸው ቀላል ወይም መካከለኛ የሆነ 50 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከሜሳላዚኑ በተጨማሪ በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን (በእርድ ውስጥ የሚገኘውን ንጥረ ነገር) ከወሰዱት 26 ሰዎች 14ቱ በአንድ ወር ውስጥ ሕመማቸው ሲረጋጋ፣ ባዶ እንክብል ከተሰጣቸው 24 ሰዎች ግን አንድም አልተረጋጋም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ችላ የሚባል አይደለም። የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 ገደማ በመሆኑ ያን ያህል መጠን ከአልጫ ወጥ ማግኘት አይቻልም፤ ወጡ ለጣዕሙ ይበላ። እንክብሉን በተመለከተ፣ በተለይ ከቁንዶ በርበሬ ቅመም ጋር ተደባልቀው የሚሸጡት ጉበት እንደጎዱ የተመዘገቡ ሁኔታዎች አሉ። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰውም ሊወስደው አይገባም። እርስዎ አሁን በሜሳላዚኑ ደህና ስለሆኑ የሚያስቸኩልዎ ነገር የለም፤ እቃውን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ፣ ከጀመሩም የጉበት ምርመራ ያድርጉ።

ግሉታሚን በቤተ ሙከራ ያሳየው ተስፋ በታማሚዎች ላይ አልተረጋገጠም፤ ገንዘቡ ለእንቁላልና ለዓሣ ቢውል ይሻላል። በእሬት ላይ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ከቅጠሉ ልጥ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ነገር ስላለው የተቆጣ አንጀትን ይብስ ያስቆጣል፤ በቤት ውስጥ ሲዘጋጅም ይህን ፈሳሽ ከውስጠኛው ነጭ ሙጫ ሙሉ በሙሉ መለየት አስቸጋሪ ነው። በባዶ ሆድ የሚወሰዱትን ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ይተዉ። «ጠቃሚ ባክቴሪያ» እየተባሉ ከሚሸጡት ውስጥ ለአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ጥሩ ማስረጃ ያለው ኒስል 1917 የሚባለው የኢ-ኮላይ ዝርያ ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ከአንድ ወታደር ሰገራ ለይቶ ካወጣው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እንጀራ የቦካ በመሆኑ እንደዚያው ይሠራል የሚሉ አሉ፤ የእርሾው ሕያዋን ግን ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። የሚጠቅመን አሰሩ ነው።

አንዳንዴ ከሚጨመረው ይልቅ የሚቀነሰው ይበልጥ ይጠቅማል። ለራስ ምታት ወይም ለወር አበባ ሕመም አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ሁለቱም የአንጀትን ሽፋን ስለሚጎዱ በሽታውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ተቅማጥ በተነሣ ቁጥር ከፋርማሲ የአሜባ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥም ይቅር፤ አስፈላጊ ያልሆነ ፀረ-ተህዋሲያን የሚገድለው እርስዎ በተልባና በምስር የሚመግቧቸውን ባክቴሪያዎች ነው። ይሁን እንጂ በሀገራችን አሜባ በእርግጥ ስላለ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመለስ መጀመሪያ ሰገራ ይመርመር፤ አሜባ መኖሩ ሳይታወቅ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም የብግነት መድኃኒት) ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል። የታሸጉ ምግቦችን መቀነስም ተገቢ ነው፤ በውስጣቸው የሚጨመሩ አንዳንድ ማወሃጃዎች በአይጦች ላይ ዝልግልጉን ሽፋን እንደሚያሳሱ ታይቷል፤ በሰው ላይ ማስረጃው ገና እየተሰበሰበ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ በሽታው በተረጋጋበት ጊዜ የጾም ምግብ ለአንጀትዎ ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም አሰሩ የበዛ ነው። ኪኒኑን ማታ ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ መውሰድ የሚችሉ ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱም መድኃኒትዎን አያስተጓጉልም። የሚያሳስበኝ ከ50 ቀን በላይ ያለ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሲቆዩ የብረት፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የፕሮቲን እጥረት እንዳይፈጠር ነው፤ ሽፋኑ የሚታደሰው በእነዚህ ነውና። ደም ሲያስቀምጥዎ የቆየ ስለሆነ ከጾሙ በፊት የደም መጠንዎን፣ የብረት ክምችትዎን፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ዲ ይመርመሩ፤ ሽሮና ምስሩንም በየቀኑ አያጓድሉ። በሽታው ካገረሸ ግን ጾሙ ይቆይ፤ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ታላላለች፣ ንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ።

የመታመም ስሜት ከተመለሰ ከቀጠሮዎ በፊት ሐኪምዎ ጋር ይሂዱ። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ሰገራ ካስቀመጠዎት፣ ከዚያም ጋር ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም የሆድ መነፋትና ብርቱ ቁርጠት ካለ፣ ምንም ዓይነት የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ሳይወስዱ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።