ከምን እንጠንቀቅ? ወደ ምርምር ለመግባት ለምታስቡ ወጣቶች

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። አባባሉ ልክ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ከምን ነው የምንጠነቀቀው? የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ካንሰርን በተመለከተ ይህን ጥያቄ በመጠየቅ ነው። በግምት አይመለስም። አዋቂ ነኝ ባይ ስለተናገረም አይመለስም። መልስ የሚገኘው ሰው በትዕግስት ሲቆጥርና ሲያነጻጽር ነው። ወደዚህ መስክ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት ብታውቁት ደስ የሚለኝን ልጻፍላችሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ሲጋራን እንውሰድ። የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። በ1940ዎቹ ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው ያጨሱ ነበር። የሳንባ ካንሰር እየበዛ ሲመጣ ጥርጣሬው የመኪና ጭስና የመንገድ አስፋልት ላይ ነበር። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባሉ እንግሊዛውያን በለንደን ሆስፒታሎች የተኙ ሕሙማንን ማስጠየቅ ጀመሩ። የሳንባ ካንሰር ያለባቸውም፣ በሌላ በሽታ የተኙም ስለ አኗኗራቸው አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠየቁ። ዶል ራሱ አጫሽ ነበር። ውጤቱን ሲያይ ሲጋራውን ተወ። ጥናቱ በ1950 ታተመ።

ከዚያ ጥናት ውስጥ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማሳያቸው አንድ ቦታ አለ። «የሳንባ ካንሰር አለባቸው» ተብሎ ከተጠየቁት ሰዎች የአንዳንዶቹ ምርመራ በኋላ ሲጣራ ሌላ በሽታ ሆኖ ተገኘ። በጥያቄው ሰዓት ግን በጠያቂዎቹ ዓይን የካንሰር ሕመምተኞች ነበሩ። እንግዲህ ጠያቂዎቹ ሳይታወቃቸው መልሱን ወደሚጠብቁት ጎትተውት ቢሆን ኖሮ፣ የእነዚህም ሰዎች መልስ የካንሰር ሕሙማኑን መልስ ይመስል ነበር። አልመሰለም። የማጨስ ልማዳቸው ካንሰር ከሌለባቸው ጋር ገጠመ። ዶልና ሂል ይህን ለብቻው አስልተው ለአንባቢ አቀረቡ።

ይቺን ነገር ዝም ብላችሁ አትለፏት። ተመራማሪ ማለት ለእኔ ይሄ ነው። መልሱን ካገኘ በኋላ «እኔ ራሴን አታልዬ ቢሆንስ?» ብሎ የሚፈትሽ ሰው።

ሁለቱ እዚያም አላበቁም። በ1951 ለእንግሊዝ ሐኪሞች መጠይቅ ላኩ፤ ከ40,000 በላይ ሐኪሞች መለሱ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ማን ሞተ፣ በምን ሞተ፣ ያጨስ ነበር ወይ እያሉ መመዝገብ። የወንዶቹ ክትትል 50 ዓመት ፈጀ። በ2004 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ማጨሱን ያላቆመ ሰው ከማያጨሰው በአማካይ 10 ዓመት ገደማ ቀድሞ ይሞታል። በ30 ዓመቱ ያቆመ ያንን ኪሳራ ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል፤ በ50 ያቆመም 6 ዓመት ያህል ያተርፋል። ሂል ይህን ሳያይ በ1991 አረፈ። ዶል ግን በ91 ዓመቱ የጽሑፉ ቀዳሚ ጸሐፊ ነበር። የምታጨሱ ካላችሁ፣ ይሄ ቁጥር የመጣው ከእውነተኛ ሰዎች ሞት ነው። እባካችሁ ተጠቀሙበት።

አሁን ደግሞ ያማረ ሐሳብ እንዴት እንደሚያሳስት ስሙ። አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው የሚበሉ፣ ደማቸው ውስጥ ቤታ ካሮቲን (ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ከፍ ያለ ሰዎች በሳንባ ካንሰር ሲያዙ የሚታየው ባነሰ ቁጥር ነበር። እንግዲያው ቤታ ካሮቲኑን በእንክብል ብንሰጣቸውስ? ማን ይጠላዋል! ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች በዕጣ ተመደቡ፤ ገሚሱ እንክብሉን ወሰደ፣ ገሚሱ አልወሰደም። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት ላይ የተገኘው የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ የነበረ ተመሳሳይ ሙከራም እዚያው ስለደረሰ በ1996 ከጊዜው በፊት ቆመ። ሙከራው ባይደረግ ኖሮ ያንን እንክብል በቅንነት እየመከርን ሰው እንጎዳ ነበር። ስለዚህ «ካንሰር ይከላከላል» የሚል ነገር በስልካችሁ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። የሚወስዱትና የማይወስዱት በዕጣ ተለይተው ተነጻጽረዋል ወይ? መልስ ከሌለ ለሌላ ሰው አታስተላልፉት።

የማኅፀን በር ካንሰርም ታሪኩ ይሄንኑ ይመስላል። በ1970ዎቹ ብዙዎች የጠረጠሩት የሄርፒስን ቫይረስ ነበር። ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ግን በዕጢው ውስጥ ፈልጎ አጣው፤ ፊቱን ቆዳ ላይ የሚወጣውን ኪንታሮት ወደሚያመጡት ቫይረሶች አዞረ። በ1983 እና በ1984 ከቡድኑ ጋር ከእነዚሁ ቫይረሶች (ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ) ውስጥ ኤችፒቪ 16 እና 18 የተባሉትን ዓይነቶች አገኘ። በዓለም ላይ ካለው የማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። በ2006 ክትባት ተፈቀደ፤ በ2008 ሰውየው ኖቤል ተሸለመ።

ሽልማቱን ሁሉም ያወራል። እኔ የምወደው ግን በ2020 ከስዊድን የወጣውን ጥናት ነው። ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጃገረዶችና ሴቶች የክትባት መዝገብ ከካንሰር መዝገብ ጋር ተገናዘበ። 17 ዓመት ሳይሞላቸው በተከተቡት ላይ የማኅፀን በር ካንሰር የመከሰት ዕድሉ በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ያስቻለው ዓመታት ሙሉ መዝገብ በሥርዓት የሞሉ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቅ ሠራተኞች ናቸው።

ስለ መዝገብ ትንሽ ልቆይ። አንዲት ሴት በሁለት ሆስፒታል ትታከማለች። ስሟ አንዱ ጋ በአንድ ፊደል ይለያል። የሚያስተውል ሰው ከሌለ ሁለት ሰው ሆና ትቆጠራለች። የሌላው ዕድሜ አልተሞላም። የሌላው ካንሰር ከየት እንደተነሳ አልተጻፈም፤ «ጉበት» ይላል፣ ግን ከአንጀት ወደ ጉበት የተሰራጨ ይሁን አይታወቅም። እንዲህ ያለው ስሕተት ሲጠራቀም አንድ አገር ገንዘቡን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች ይህን ሥራ ይንቁታል። ላቦራቶሪና ኮምፒውተር ያጓጓቸዋል። ቅር ይለኛል፤ እውነቴን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማችሁ እወቁ። በዚህ ሥራ አመስጋኝ የለም። ቀዶ ሐኪም ያዳነው ሰው መንገድ ላይ አቅፎ ይስመዋል። ታይዋን ከ1984 ጀምሮ ሕፃናትን በአገር አቀፍ ደረጃ የሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ክትባት በመከተቧ የልጆች የጉበት ካንሰር ቀነሰ። ከእነዚያ ልጆች ግን «ከካንሰር የተረፍኩት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያውቅ አንድም የለም። ምስጋና ካላገኘ መሥራት የማይችል ሰው ሌላ መስክ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ግን ሥራው አላለቀም። በ2022 በዓለም 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በካንሰር ተይዘዋል፤ በዚያው ዓመት 9.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በካንሰር ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ አሁን በእጃችን ባለው ዕውቀት ብቻ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ካንሰር መከላከል ይቻላል። በማኅፀን በር ካንሰር በዚያው ዓመት 350,000 ያህል ሴቶች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ክትባቱ እያለ! ኬንያ ውስጥ ከ2,000 በላይ ወጣት ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ አንድ መርፌ ብቻውን በቫይረሱ ከመያዝ በደንብ እንደሚከላከል አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለልጃገረዶች አንድ ጊዜ መከተብ እንደ አማራጭ ይበቃል አለ። ሁለት ይሰጥ በነበረበት አንድ ሲበቃ፣ ያው ክትባት እጥፍ ልጃገረዶች ጋ ይደርሳል። ይሄም ምርምር ነው፤ እንደ አዲስ ግኝት አይቆጠርም ካላችሁኝ አልስማማም።

ገና ያልተመለሰም አለ። ዕድሜያቸው ከ50 በታች በሆኑ ሰዎች ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር በብዙ አገሮች እየጨመረ ነው። ውፍረት፣ አመጋገብ፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተጠርጥረዋል፤ ያለቀለት መልስ ግን የለም። ይሄ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በሽታ ነው፤ ጥያቄውም የእናንተ ነው። መጀመር የሚፈልግ ስታቲስቲክስን አጥብቆ ይማር። ከዚያ በአቅራቢያው ካለ የካንሰር መዝገብ ቢሮ ሄዶ ጥቂት ወር ከሠራተኞቹ ጋር ቅጽ ይሙላ። ለጥናት ተሳተፉ ስትባሉም፣ ስምምነቱን በደንብ አንብባችሁ፣ ያልገባችሁን ጠይቃችሁ፣ ከተስማማችሁ ግቡበት። እነዚያ የእንግሊዝ ሐኪሞች መጠይቁን ሞልተው ባይመልሱ ኖሮ ዶልና ሂል የሚቆጥሩት አይኖራቸውም ነበር።