የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ወደ ስፓኒሽ ሲመለስ

እህቴ፣ «የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ሲያጋጥመኝ ቃል በቃል ልተርጉመው ወይስ ላፍታታው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ሁለቱም ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚደረጉ ናቸው። በቅድሚያ ስፓኒሽ የራሱ ፈሊጥ እንዳለው ፈልጊ፤ አብዛኛውን ጊዜ አለው።

ሲገኝም ማን ለማን፣ በምን ስሜት እንደሚለው ይታይ። «ኪክ ዘ በኬት»፣ ቃል በቃል ባልዲውን መምታት፣ ሞትን በቀልድ ነው የሚያነሳው፤ አቻው «ኤስቲራር ላ ፓታ» ነው፣ እግር መዘርጋት፤ ያውም የእንስሳ እግር። ሜክሲኮዎች «ኮልጋር ሎስ ቴኒስ»ም ይላሉ፣ ስኒከር መስቀል። በሐዘን መግለጫ ወይም በሆስፒታል ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ነውር ናቸው፤ እዚያ «ፋዬሴር»፣ ማረፍ፣ ብለሽ እለፊ።

አገሩንም ሳታውቂ አትጀምሪ። በሬን በቀንዱ መያዝ፣ ማለትም ችግርን ፊት ለፊት መጋፈጥ፣ በሁለቱም ቋንቋ አለ፤ ችግሩ ግሱ ላይ ነው። «ኮሄር» ስፔን ውስጥ ተራ «መያዝ» ሲሆን ሜክሲኮና አርጀንቲና ውስጥ የብልግና ቃል ነው። ለእነሱ «ቶማር» ወይም «አጋራር» ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሰዋስው ላይ ነው። «እግሬን አትጎትት»፣ ማለትም አታሹፍብኝ የሚለው በስፓኒሽ ጸጉር ይሆናል፦ «ኖ ሜ ቶሜስ ኤል ፔሎ»። በእንግሊዝኛው «የእኔ» ተስበሽ «ሚ ፔሎ» (የእኔ ጸጉር) ካልሽ ፈሊጡ ይፈርሳል፤ ባለቤትነቱን የሚይዘው «ሜ» (ለእኔ) ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ደራሲው በምስሉ ሲጫወት ነው። «ክንድና እግር አስከፈለኝ (እጅግ ተወደደብኝ)፣ አሁን አነክሳለሁ» ቢል ስፓኒሹ «ኡን ኦሆ ዴ ላ ካራ»፣ የፊት ዓይን ስለሆነ ማንከሱ ትርጉም ያጣል። ቀልዱንም አብረሽ ቀይሪው፦ «አሁን በአንድ ዓይን ነው የማየው»። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝኛዋ ድመት ዘጠኝ ነፍስ ሲኖራት የስፓኒሿ ሰባት ነው ያላት።

ለማጣራት የስፔን ሮያል አካዳሚ መዝገበ ቃላት ላይ ግሱን ሳይሆን ስሙን ክፈቺ፦ «ቶማር» ሳይሆን «ፔሎ»። አገሩና ደረጃው በምህጻረ ቃል ተጽፎ ታገኛለሽ። ከዚያ የዚያው አካዳሚ ኮርፔስ ላይ፣ ማለትም በተሰበሰቡ የስፓኒሽ ጽሑፎች ማኅደር ውስጥ፣ በአገር ለይተሽ ፈልጊ፤ ግሱን ግን በአንድ መልክ ብቻ አትፈልጊ፣ በተለያየ ጊዜና አካል አርቢው። ምንም ካልተገኘ ሐሳቡን በቀጥታ አስቀምጪና፣ የጎደለውን ለዛ ስፓኒሹ ራሱ በሚመችሽ ሌላ ዓረፍተ ነገር ላይ መልሺው።