የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባቄላው ክኩን የት ደበቀው?

ክረምት ሲገባ ደብዳቤው ይበዛል። ተማሪዎች በጣሳና በተቆረጠ ሃይላንድ የዘሩትን እያዩ ይጽፉልኛል። ዕድሜዬን ችግኝ ጣቢያ ስላሳለፍኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ ደስታዬ ልክ የለውም። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ከዚሁ ከጎንደርና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው።

«እትዬ፣ አዘዞ ነው የምኖረው፤ 9ኛ ክፍል ነኝ። ባለ ሁለት ክክ ተክል ሲበቅል ሁለቱን ክክ ይዞ ከአፈር እንደሚወጣ ተምረናል። እኔ ባቄላ ዘራሁ። ቅጠል አወጣ፣ ክኩ ግን የለም። ባቄላ ባለ ሁለት ክክ አይደለም እንዴ?»

ነው እንጂ! ክኩም የትም አልሄደም፣ አፈር ውስጥ ነው። ሥሩን ሳትነኪ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጊና እዪው።

ነገሩ እንዲገባሽ ሌላ ባቄላ ማታ ዘፍዝፊና ጠዋት ልጣጩን ግፈፊ። ለሁለት ይከፈልልሻል። ሁለቱ ወፋፍራም ግማሾች ክክ ናቸው። የሽሉ ስንቅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጠርዙ ላይ፣ በሁለቱ መሃል፣ የተጣበቀች ቆልመም ያለች ነጭ ነገር ታገኛለሽ። ሽሉ እሷ ናት። ሾጠጥ ያለው ጫፏ ሥር ይሆናል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣውም እሱ ነው። በሌላው ጫፍ የታጠፉ ደቃቅ ቅጠሎች አሉ። ዓይንሽ ጥሩ ከሆነ ያለ ማጉያ ይታዩሻል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከየትኛው የግንድ ክፍል መርዘም ነው። ቦሎቄ ላይ የሚረዝመው ከክኩ በታች ያለው፣ ሃይፖኮቲል የሚባለው ክፍል ነው። ጎብጦ አፈሩን ይሰነጥቅና ክኩን ጎትቶ ያወጣዋል። ክኩ ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል፤ ስንቁ ሲያልቅ ጠውልጎ ይረግፋል። የተማርሽው ይህን ነው። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ላይ ግን የሚረዝመው ከክኩ በላይ ያለው ኤፒኮቲል ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ይወጣል፣ ክኩ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ይህ ለተክሉ ትልቅ ጥቅም አለው። ደባርቅና ዳባት ደጋው ላይ ውርጭ ጫፉን ቢመታው ወይም በግ ቢግጠው፣ ክኩ አጠገብ አፈር ውስጥ የተደበቀው እምቡጥ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቦሎቄ ከክኩ በታች ከተቆረጠ ግን አለቀለት።

በቆሎና ጤፍ ባለ አንድ ክክ ናቸው። የእነሱ ክክ ከዘሩ አይወጣም፤ አብዛኛው ስንቃቸውም ያለው ከክኩ ውጪ፣ በዘሩ ውስጥ ባለ የስታርች ክምችት ነው። ገና ከበቀሉ ጀምሮ በቅጠላቸው ትለዪአቸዋለሽ። የበቆሎ ቅጠል ጅማቶች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ የባቄላው እንደ መረብ ይጠላለፋሉ።

«እኔ ከቆላድባ ነኝ፤ አትክልትና ፍራፍሬ መማር ጀምሬአለሁ። ፈተና ላይ ድንች ሥር ነው ብዬ መልሼ ተሳሳትክ ተባልኩ። አፈር ውስጥ የሚገኝ ነገር ሥር ካልሆነ ምንድን ነው?»

ድንች ግንድ ነው፣ ወንድሜ። ያለበትን ቦታ እርሳውና ያለውን ነገር እይ። አንድ ድንች አንሳና ዓይኖቹን ተመልከት። እያንዳንዱ ዓይን እምቡጥ ነው፤ ጨለማ ቤት ስታስቀምጠው የሚያጎነቁለውም እሱ ነው። በሥርዓት የተደረደረ እምቡጥ ያለው ግንድ ነው። ሥር ላይ እንዲህ ያለ ድርድር አታገኝም። ካሮትን ብታገላብጠው ዓይን የለውም፤ እሱ እውነተኛ ሥር ነው። ስኳር ድንችም በስሙ ድንች ይባል እንጂ ያበጠ ሥር ነው።

እናንተ አገር ደምቢያ ላይ በብዛት የምታመርቱት ነጭ ሽንኩርትስ? ከታች ያለው ጠፍጣፋ ነገር፣ ሥሮቹ የወጡበት፣ ግንዱ ነው። በጣም አጭር ግንድ። የምንበላው ፍንካች ደግሞ ምግብ ያከማቸ ወፍራም ቅጠል የከበበው እምቡጥ ነው። አንዱን ፍንካች መሃል ለመሃል ሰንጥቀው፤ አረንጓዴ ጉንቁሉን ታየዋለህ። ስትተክልም ፍንካቹን ነው የምትተክለው፤ ስለዚህ የሚበቅለው ልክ እንደ እናቱ ነው። ጥሩ ዘር ከመረጥክ ጥሩነቱ ይቀጥላል። በሽታ ያለበትን ከተከልክ በሽታውም አብሮ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ለዘር ስትመርጥ ፍንካቹን አንድ በአንድ እያገላበጥክ ማየት ያለብህ።

«ቲማቲም ፍሬ ነው አትክልት?» (ከማራኪ)

ሁለቱም። ከአበባው እንቁልጢ፣ ማለትም ዘሩ ከሚፈጠርበት የአበባው ክፍል፣ ያደገና ዘር የያዘ ስለሆነ በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ ነው። በገበያና በወጥ ቤት አትክልት ነው። ቃሪያና ዱባም እንደዚሁ ናቸው።

«ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ስንሄድ ከዛፎቹ ወርደው ግንቡን የያዙትን ወፋፍራም ነገሮች እናያለን። ሥር ናቸው ግንድ? ሥር ከሆኑ ለምን አፈር ውስጥ አልሆኑም?»

ሥር ናቸው። ዛፎቹ የሾላና የዋርካ ዘመዶች ናቸው። የእነዚህ ዛፎች ፍሬ የወፍ ምግብ ነው። ወፏ በልታ ኩሷን የጣለችበት የድንጋይ ስንጥቅ ትንሽ እርጥበት ካለው፣ ዘሩ እዚያው ይበቅላል። ከዚያ ሥሩ ግንቡን ይዞ አፈር እስኪያገኝ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። አፈር ሲነካ ውሃና ማዕድን በደንብ ያገኛል፤ ያኔ ይወፍራል። እንጨት የሚሆኑ ሥሮች ልክ እንደ ግንድ ከውስጥ ካምቢየም የሚባል ሕዋስ የሚያበዛ ንብርብር አላቸውና ዓመት በዓመት ይደነድናሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለችግኛችሁ ይጠቅማችኋል። እነዚያ እጅ የማያቅፋቸው ወፋፍራም ሥሮች ይሸከማሉ፣ ያስተላልፋሉ እንጂ ውሃ እምብዛም አይመጡም። ውሃ የሚመጠው ጫፉ አካባቢ ባሉት ደቃቅ የሥር ፀጉሮች ነው። ችግኝ ከመደብ በጉልበት ሲነቀል እነሱ ይበጠሳሉ። ቅጠሉ ውሃ እያተነነ፣ ከታች የሚተካ የለም፤ ችግኙ ይጠወልጋል። ስለዚህ መደቡን ቀድማችሁ አርሱ፣ ከነአፈሩ አንሱ፣ ወደ ማታ ትከሉ። የአደገ ዛፍ ስታጠጡም ግንዱ ሥር አታፍሱ፤ ቅርንጫፎቹ እስከሚደርሱበት ዳር አጠጡ።

«አጥር ላይ ያለው ዱባችን አበባው የጉድ ነው፣ ፍሬ ግን የለም። እናቴ ‹ወንድ ዱባ ነው፣ ንቀይው› ትላለች። እውነት ነው?» (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ)

እንዳትነቅዪው! እናትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ዱባ ወንዴ አበባና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል፣ ሁለቱም ግን በአንዱ ሐረግ ላይ ናቸው። ወንድ ዛፍና ሴት ዛፍ ለየብቻ ያለው እንደ ኮሶ ያለው ነው። ባቄላ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ አበባ ውስጥ ይዟል። ዱባ መጀመሪያ የሚያወጣው ወንዴውን ነው፤ ሴቴዋ ዘግየት ብላ ትመጣለች።

አበባውን ከኋላው እዪው። ቀጭን ረጅም እግር ብቻ ካለው ወንዴ ነው። ከአበባው ሥር ድቡልቡል ያለች ትንሽ ዱባ ካለች ሴቴ ናት፤ ያቺ ድቡልቡል እንቁልጢዋ ነች። የወንዴው ብናኝ ሴቴዋ መሃል ላይ ሲያርፍ ርክበ ብናኝ ተካሄደ እንላለን። ብናኙ ቱቦ አብቅሎ ወደ እንቁልጢው ወርዶ ከእንቁላሉ ጋር ሲዋሃድ ጽንሰት ይባላል። ሁለቱን አታምታቺ፤ ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ነው። የመጀመሪያው ተሳክቶ ሁለተኛው ላይሳካ ይችላል።

የዱባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ ንብ ያስፈልገዋል። ክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ ንብ ከቀፎ አትወጣም። ስለዚህ አንቺ ሥራዋን ሥሪላት። አበባው በጠዋት ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይሆን ይዘጋልና ማልደሽ ውጪ። አዲስ የተከፈተ ወንዴ ቅጠፊ፣ ቢጫ ቅጠሎቹን ላጪ፣ መሃል ያለውን ብናኝ የሞላበት ዘንግ ሴቴዋ መሃል ላይ ቀስ አድርገሽ አሺ። በቂ ብናኝ ካላገኘች ፍሬው ይወላገዳል፤ ስለዚህ አትቸኩዪ፣ ዙሪያውን ሁሉ ንኪው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድቡልቡሏ ማበጥ ከጀመረች ተሳክቷል። ቢጫ ሆና ከጫፏ ከተጨማደደች ትረግፋለች፤ በሚቀጥለው ሴቴ አበባ ሞክሪ። አጥሩ ላይ ፍግ አብዝታችሁ ከሆነም ለጊዜው ተዉት፤ ናይትሮጂን ሲበዛ ሐረግና ቅጠል ብቻ ይሆናል።