ሲግማና ፓይ ለሚያስመርሯችሁ

ልጆች፣ ዳታቤዝ የሚማር ወጣት ሳገኝ ብዙ ጊዜ ምሬቱ በሪሌሽናል አልጀብራ ነው፤ ከሠንጠረዦች መረጃ በሚያወጣውና ሲግማና ፓይ የሚባሉ ምልክቶች ባሉት ስሌት። «መሥሪያ ቤት የምንጽፈው ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ነው፤ ሲግማና ፓይ ምን ይሠሩልናል?» ይለኛል። ጥያቄው አይከፋም። ግን ዳታቤዙ ኤስኪውኤላችሁን ሲቀበል ውስጥ ለውስጥ ወደ እነዚሁ ስሌቶች ቀይሮ ነው የሚሠራው። ደግሞም ኤድጋር ኮድ፣ የአይቢኤም ተመራማሪ ሳለ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያሳትም ኤስኪውኤል ገና አልተወለደም ነበር።

ምልክቶቹን አትፍሯቸው። ሲግማ ረድፍ ይመርጣል፣ ፓይ ዓምድ ይመርጣል፣ ጆይን ሠንጠረዦችን ያገናኛል። ቶሎ ይለመዳሉ። ጣጣው ሌላ ቦታ ነው።

እስቲ ይቺን ሞክሩ፦ «ዳታቤዝ ያልወሰዱ ተማሪዎችን አውጡ።» ብዙ ሰው ከምዝገባ ሠንጠረዥ ላይ ኮርሱ ዳታቤዝ ያልሆነበትን ረድፍ በሲግማ ይመርጣል፤ ከዚያ የተማሪውን መለያ ቁጥር በፓይ ያወጣና በቃ ይላል። አበበች ዳታቤዝም ሒሳብም ወስዳለች እንበል። የሒሳቡ ረድፍ ያልፋል፤ እሷም ውጤቱ ውስጥ ቁጭ ትላለች! ምንም ኮርስ ያልተመዘገበው ከበደ ደግሞ ጭራሽ የለም። ሲግማ የሚያየው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ያው ተማሪ ሌላ ረድፍ ላይ ምን እንዳለው አያውቅም። ስለዚህ ከሁሉም ተማሪዎች ላይ ዳታቤዝ የወሰዱትን ቀንሱ።

«ሁሉንም ኮርስ የወሰዱ» ከተባለ ደግሞ ሁለቴ ትቀንሳላችሁ። እያንዳንዱን ተማሪ ከእያንዳንዱ ኮርስ ጋር አጣምሩ። ከእነዚህ ላይ በእርግጥ የተመዘገቡትን ጥንዶች ቀንሱ። የቀረው የጎደለው ነው። አንድ ኮርስ እንኳ የጎደላቸውን ተማሪዎች ከጠቅላላው ላይ ቀንሱ፤ መልሳችሁ ያ ነው። ዲቪዥን የሚሉት ይሄንኑ ነው። እኔ ምልክቱን ከመሸምደድ ይሄን መንገድ ማወቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ረጅም ጥያቄ ሲመጣባችሁ ከውስጠኛው ቅንፍ ጀምሩ። በየደረጃው «አሁን የያዝኩት ሠንጠረዥ አንዱ ረድፍ ምን ይላል?» በሉ። በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ አትለፉ። ወረቀት ላይ ሦስት ተማሪና ሁለት ኮርስ ጻፉና በእጃችሁ ሥሩት። ከሦስቱ አንዱን ምንም አታስመዝግቡት፤ ስህተት የሚጋለጠው ብዙውን ጊዜ እሱ ላይ ነው።

ወደ ኤስኪውኤል ስትመለሱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። አልጀብራው የተደጋገመ ረድፍ አይዝም፤ ኤስኪውኤል ግን ዲስቲንክት (ድግግሞሹን አስወግድ) ካላላችሁት አበበችን በወሰደችው ኮርስ ልክ ደጋግሞ ያመጣላችኋል።