ስለ ጠላቂ ወታደሮች የመዳብ የራስ ቁር፦ ጥያቄና መልስ

ጥንታዊ ዕቃ የሚሰበስቡ ወዳጆቻችን ባለፈው ቅዳሜ ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ባለው ግቢዬ ተገናኝተው ስለ ጠላቂ ወታደሮች የራስ ቁር፣ ማለትም ጠላቂው ከላይ በቱቦ አየር እየተላከለት ከውኃ በታች ሲሠራ ስለሚያጠልቀው ዕቃ፣ ብዙ ጠይቀውኛል። በቃል የመለስሁትን፣ ያን ዕለት ያላብራራሁትን ጨምሬ እነሆ ጽፌዋለሁ። ከአንዱ የአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በደጋ ተቀምጠው የባሕር ዕቃ ለመሰብሰብ ምን አነሣሣዎት?

መልስ፦ አጎቴ በምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ባሕር ኃይላችን በ1955 ተመሥርቶ በ1996 የፈረሰ ሲሆን፣ እርሳቸው ስለ ወደቡ ሲያወጉን ከውኃው በላይ ካለው ይልቅ ከሥሩ ስላለው ማውራት ይወዱ ነበር። በ1941 ጣልያኖች ምጽዋን ከማጣታቸው በፊት ወደቡን ለመዝጋት መርከቦቻቸውን ሆን ብለው አሰጠሙ፤ በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ጥቂት ጠላቂዎችና ሠራተኞች ይዞ መጥቶ፣ የሰጠመውን ትልቅ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ በታመቀ አየር ሞልቶ አነሣው። ያንን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ፣ ሰው ከባሕር ሥር ሆኖ የተነፈሰበትን ዕቃ በእጄ ለመያዝ ስመኝ ኖርሁ።

ጥያቄ፦ እውነተኛውን ለጌጥ ከተሠራው በምን እንለየው?

መልስ፦ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የምትመዝኑበት መለኪያ አንድ ብቻ ይሁን፤ ይህ ዕቃ ሰውን ከውኃ በታች በሕይወት ሊያቆይ ይችል ነበርን? ገበያ ላይ በብዛት የሚመሰለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ማርክ 5 ነው። በ1916 ሥራ ላይ ውሎ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ አገልግሏል፤ የሠሩትም ሞርስ፣ ሽሬደር፣ ሚለር ደን እና ዴስኮ ናቸው። የራስ ቁሩ በትከሻና በደረት ላይ ከሚያርፈው የደረት ሰሌዳ ጋር 25 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በአንድ እጅ ብድግ የሚል ከሆነ ወዲያው ተጠራጠሩ። ማግኔት ከሳበው ደግሞ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ ካልሳበው ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፣ ከስስ ነሐስ የሚሠሩ ማስመሰያዎችም ሞልተዋልና።

ቀጥሎ አንገቱን ተመልከቱ። የራስ ቁሩን ከሰሌዳው ጋር የሚያያይዘው የማርክ 5 የአንገት ጥርስ በየመካከሉ የተቆረጠ በመሆኑ፣ የራስ ቁሩ ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ በአንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ጥብቅ ይላል፤ ከኋላውም ጠላቂው እየሠራ ሳለ እንዳይፈታ የሚይዝ መቆለፊያ አለው። በሰሌዳው ዙሪያ የልብሱን ጎማ የሚያጣብቁ 12 ቡሎኖች አሉ። ከዚያም አየር የሚገባበትን ቫልቭ ፍቱት። ይህ ቫልቭ አየርን ያስገባል እንጂ አያስወጣም፤ እርሱ ባይኖር ግን ቱቦው ከላይ ቢበጠስ አየሩ ተመልሶ ይወጣና፣ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ያህል የሚጨምረው የውኃ ግፊት የሰውየውን ሥጋ ወደ ራስ ቁሩ ይጨምቀዋል። ለጌጥ የሚሠሩት በዚህ ቦታ ባዶ ቀዳዳ ወይም የተደፈነ ቧንቧ ብቻ አላቸው። በመጨረሻም በራስ ቁሩና በሰሌዳው ላይ የተመታው ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ስም የተጻፈበትን ሳህን ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ሳህን ለመሥራት የሚቀል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ከምናለሽ ተራ የሩስያ ጽሑፍ ያለበትና በ3 ቡሎን የሚታሰር ገዝቻለሁ። ሻጩ ከዳህላክ የመጣ ነው ብሎኛል።

መልስ፦ የሶቪየት ባሕር ኃይል ከ1978 እስከ 1991 በዳህላክ ደሴቶች፣ በኖክራ፣ የጦር ሰፈር ስለነበረው ወሬው የማይሆን ነገር አይደለም፤ ሆኖም ሰነድ እስካልተገኘ ድረስ በመዝገብዎ ላይ «ሻጩ እንዳለው» ብለው ይጻፉት። ዕቃው ራሱ ግን መልካም ነው፤ ባለ 3 ቡሎኑ የሶቪየት ሥራ በብዛት ስለተመረተ ከሌሎቹ ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም የምመክረው እርሱን ነው።

ጥያቄ፦ እንደ መስታወት እስኪያበራ ልወልውለው?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። የባሕር ኃይል ዕቃዎች ብዙዎቹ በነጭ ማዕድን የተለበጡ ስለነበሩ፣ ዛሬ ቀይ ሆነው የምናያቸው አብዛኛዎቹ ልባጣቸው ተፍቆ የጠፋባቸው ናቸው። አንድ ወዳጄ አንዱን በጥሩ ሐሳብ ሙልጭ አድርጎ ሲፍቀው የተመታው ቁጥር ሳይቀር ጠፋበት፤ እስካሁን ሳስበው ያመኛል። አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ማንሣት ይበቃል። ክፍሎቹ የተበየዱበት ስታኞ እርሳስ ስላለበት ሥራውን ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ልንሞክረው እንችላለን?

መልስ፦ አይቻልም። ያረጀ ማሸጊያና ያልተፈተነ ቫልቭ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ወደ ውጭ አገር ብንሸጠውስ?

መልስ፦ የባሕር ኃይላችን ንብረት እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት ካለው አስቀድመው ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳዩት፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እኔ ብሆን እዚሁ እንዲቀር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የጎደለ ቫልቭ በቶርኖ ቤት ማሠራት ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር አይደለም። ዴስኮም ቢሆን ማርክ 5ን እስከ ዛሬ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ይሠራል። እኔም አንዱን ሰበታ መንገድ ላይ ባለ ቶርኖ ቤት በነሐስ አሠርቼ፣ በውስጥ በኩል የተሠራበትን ዓመት አስመትቼበታለሁ፤ አሮጌውንና የተሰበረውን ክፍል ደግሞ በጨርቅ ጠቅልዬ እዚያው ከራስ ቁሩ ጋር አስቀምጬዋለሁ።